ጠመንጃ በስንት ቀኑ ይወልወላል?

ጠመንጃ ይዞ ደጄ የሚመጣ ሰው ገና አረፍ ሳይል «ጋሼ፣ በወር ስንት ጊዜ ልወልውላት?» ይለኛል። እኔም «ምን ተኮስህባት?» እለዋለሁ። «ኧረ ምንም! ለወንድሜ ሠርግ ሁለት፣ ለአያታችን ለቅሶ ሦስት፤ ከዚያ ወዲህ እንደተሰቀለች ናት» ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ሁለት ጥይት ተኩሶ «ምን አቆሸሻት?» ብሎ የሰቀለ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ሲተኩስ ውሎ ማታውኑ ካጠበው ቀድሞ አፈሙዙን ያጣል። ወደ ሰማይ መተኮሱን ራሱ ተዉት ስል ኖሬያለሁ፤ የወጣ ጥይት መውረዱ አይቀርም። ግን እሱ የሌላ ቀን ጸብ ነው።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በሠራዊቱ መሣሪያ ጥገና ላይ ነው። ጡረታ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ ከገባሁ ወዲህ ከጎዛምን፣ ከስናን፣ ከአነደድ፣ አንዳንዴም ከብቸና በኩል ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ምንሽሩንም፣ በልጅጉንም፣ ክላሹንም «እስቲ እያት» እያሉ ያመጡልኛል። አፈሙዟን ወደ ብርሃን አዙሬ ሳይ የማገኘው በሽታ ሁለት ዓይነት ነው። አንዷን ዝገት በልቷታል፤ ሌላዋን ባለቤቷ በመወልወያ በልቷታል። ሁለተኛውን በሽታ ብዙ ሰው በሽታ መሆኑንም አያውቀው፤ እንዲያውም ጎበዝ ወልዋይ ተብሎ ይመሰገንበታል።

ጨው የሚያስቀር ጥይት

ዝገቱ የሚመጣው ከባሩዱ ጥላሸት የሚመስለው ብዙ ነው። ጥላሸት ያቆሽሻል እንጂ በአንድ ሌሊት ብረት አይበላም። ዋናው ጠላት ከጥይቱ ቂጥ ነው የሚነሣው። መርፌው የሚመታት መለኮሻ አለች አይደል? በአሮጌ የጦር ጥይቶች መለኮሻ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ቅመም አለ። ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ ይሆናል፤ ይህም ጨው ነው፣ የወጥ ጨው የቅርብ ዘመድ። በአንድ ተኩስ ብቻ በአፈሙዙ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር በስሱ ይረጫል፤ በዓይን አይታይም። ከዚያ ቁጭ ብሎ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። በሐምሌ ከሆነ ማታ የተኮስህባት ጠመንጃ በማግስቱ ጠዋት ቡናማ ብናኝ ጀምሮባታል።

በሶቪየት ኅብረት፣ በቻይናና በምሥራቅ አውሮፓ ከተሠሩት የድሮ ጥይቶች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ የክላሹም፣ የረጅሙ የሩሲያ ጠመንጃም። አሜሪካኖች የኤም ዋን ጋራንድ የሚባለውን ጠመንጃቸውን ጥይት በፈረንጅ 1950ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ከዚህ ጨው አላቀቁት፤ ከዚያ በፊት የተሠራው ግን ያው ነው። አንዳንዱ የተተኮሰውን ቀለህ ወደ ውስጥ አይቶ «ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ካለው ጨው ያለበት ነው፣ አንድ ትልቅ ከሆነ የለበትም» ይላል። ፍንጭ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ባለ ሁለት ቀዳዳ ሆኖ ጨው የማያስቀርም አለ። እኔ የምመክረው አጭር ነው፦ ጥይትህ ከየት ፋብሪካና ከየት ዘመን እንደመጣ በእርግጠኝነት ካላወቅህ ጨው አለበት ብለህ ያዘው። ከገበያ፣ ከጓደኛ፣ ከአባት ዝናር የተገኘ ጥይት ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል።

አሁን ዋናው ነገር። ጨው በዘይት አይሟሟም። በላምባም አይሟሟም፣ በናፍጣም አይሟሟም። ከተኩስ በኋላ ዘይት ብቻ የቀባ ሰው ጨውን ከዘይት ሥር አስተኝቶታል። ጨው የሚሟሟው በውሃ ነው። «ብረት በውሃ ይታጠባል እንዴ?» ብለው የሚቆጡኝ አሉ። ድሮ ውጅግራ ይዘው የነበሩት ሽማግሌዎች ግን ይህን ያውቁ ነበር፤ የእሷ ባሩድ ጥቁሩ ባሩድ ስለነበር በፈላ ውሃ ካላጠቧት አትከርምም። በኋላ ጭስ የሌለው ባሩድ ሲመጣ ውሃው ተረሳ፤ መለኮሻው ግን ጨውን እንደያዘ ቀረ።

አስተጣጠቡ

ከሁሉ በፊት ካዝናውን ንቀል፣ መዝጊያውን ወደ ኋላ ስበህ ክፈት፣ ጥይት የሚጎርስበትን ጉሮሮ በዓይንህ እይ፣ በጣትህም ዳስስ። ጥይቶቹን ሰብስበህ ሌላ ክፍል አስቀምጥ። «ባዶ ናት» እየተባለ በጎጃም ስንት ሰው እንደሞተ የማያውቅ የለም። ልጆቹንም አስወጣ። ላምባ የምትነካ ከሆነ ደግሞ ከምድጃው ራቅ ብለህ ውጭ ተቀመጥ።

ክላሽ ከሆነች የላይኛውን ክዳን፣ ሞላውን፣ መዝጊያዋን ከነፒስተኑ፣ የጋዝ ቱቦውንም አውጣ። ምንሽርና በልጅግ ከሆኑ መዝጊያውን ብቻ ወደ ኋላ መዝዘህ አውጣ፤ ሌላውን መፍታት አያስፈልግህም፤ ብሎኖቹን ካልነካካሁ የሚል ሰው ሁልጊዜ አንዱን ጥሎ ይመጣል።

ውሃ በብራድ አፍላ፤ አንድ ሊትር ያህል ይበቃል። ደብረ ማርቆስ ከፍታዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ለእኛ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። እንዲያውም ጨውን ቀዝቃዛ ውሃም ያሟሟዋል። ሙቁን የምንመርጠው ብረቱን አግሎ በራሱ እንዲደርቅ ስለሚያደርገው ነው። ትንሽ የልብስ ሳሙና ብትጨምርበት ጥላሸቱንም ያላቅቅልሃል፤ ግን መጨረሻ ላይ በንጹሕ ውሃ አለቅልቅ።

የአፈሙዙን ጫፍ ሳፋ ውስጥ ቁልቁል አድርገህ ውሃውን ከጉሮሮው በኩል አፍስስ። የብራዱ አፍ አልገባ ካለህ ከመድኃኒት ቤት ትልቁን ስሪንጅ ያለ መርፌ ግዛ፤ ጥይት የሚጎርስበት ላይ ደግነህ ብትገፋው ውሃው አንድም ሳይባክን ይሄድልሃል። እጅህን በጨርቅ ጠቅልል፤ አፈሙዙ ይፈጃል። ሰደፉንና እንጨቱን ውሃ እንዳይነካው ተጠንቀቅ፤ ዋንዛም ሆነ ሌላ እንጨት ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል።

በክላሽ የሚረሳው የጋዙ መንገድ ነው። የአብዛኛው ክላሽ አፈሙዝ ውስጡ ክሮም የተለበጠ ስለሆነ «እሷ አትዝግም» ይሉኛል። አፈሙዙ በእርግጥ ይታገሣል። የጋዝ ቱቦው ግን ክሮም የለውም፤ ያው ጨው በቀዳዳዋ በኩል እዚያም ይገባል። አፈሙዟ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ቱቦዋ ግን በዝገት የታነቀ ክላሽ ስንቴ መጥታልኛለች። ስለዚህ ቱቦውንም፣ የፒስተኑንም ራስ፣ የመዝጊያውንም ፊት በዚያው ውሃ አጥብ።

ከዚያ በደረቅ ጨርቅ፣ ጨርቁ ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አመላልስ። አሁን ነው ላምባው የሚመጣው። የነሐስ ብሩሽ ካለህ በላምባ ነክረህ አፈሙዙን ከዳር እስከ ዳር አሳልፈው፤ አሥር ጊዜ ያህል ይበቃል። ብሩሹ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ መሐል ላይ አትመልሰው፤ ጸጉሩ ይታጠፍና ይሰበራል፣ ብሎም ይነክስና እዚያው ይቀራል። ቀጥሎ ጨርቅ፣ ሌላ ጨርቅ፣ ከዚያ ዘይት በጣም በስሱ።

በማግስቱ እንደገና አንድ የተቀባ ጨርቅ አሳልፍና እየው። ቡናማ ከወጣ ጨው ቀርቷል ማለት ነውና ውሃውን ድገመው። ክላሽን የሠሩት ሶቪየቶች ለወታደሮቻቸው ያዘዙት ከተኩስ በኋላ ወዲያው እንዲወለውሉ፣ ቀጥሎም ባሉት ሦስት አራት ቀናት በየቀኑ እንዲያዩ ነው። ሦስት ቀን ተመልክተህ ንጹሕ ከሆነ አፈሙዟ ድናለች።

ጨው የሌለው ጥይት መተኮስህን የምታውቅ ከሆነ ይህ ሁሉ ውሃ አያስፈልግም። በላምባ ጠርገህ፣ አድርቀህ፣ ዘይት ቀብተህ ስቀል። ለዚያ ማግስትም ይደርሳል።

ያልተኮሰችውስ?

እዚህ ላይ ነው ሰው በትጋት የሚሳሳተው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወራት ያልተተኮሰች ጠመንጃን በወር አንዴ ማየት በቂ ነው። ማየት ነው ያልሁት፤ መፈተግ አላልሁም። አንድ ዘይት የነካው ጨርቅ አሳልፈህ ቀለሙን ትመለከታለህ፣ ውጭዋን ታብሳለህ፣ በቃ። ክረምት ሲገባ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በሳምንት አንዴ እያት። ወታደር ቤት ዓመቱን ሙሉ በሳምንት አንዴ ይደረጋል፤ እሱ ግን በየቀኑ ስለምትነካካ ነው።

ዝናብ ከመታት ቀን አትቆጥርም፤ የዚያኑ ዕለት አድርቃት። ከብርድ ወደ ሙቀት ስትገባም እንደዚያው ነው። ከጮቄ በኩል ሮብ ገበያ ላይ ሌሊቱን በውርጭ ያደረች ጠመንጃ እሳት የነደደበት፣ ድስት የሚንተከተክበት ቤት ስትገባ ላብ ታወጣለች። ውጭዋን ላቡን ታየዋለህ፤ ውስጧን ግን አታየውም። በረንዳ ወይም መግቢያው ጋ ትንሽ አስቆይተህ፣ ሞቅ ስትል ውስጧንም ውጭዋንም ጥረጋት። እጅህም ራሱ ጨው አለው፤ የጣት አሻራ በክረምት ዝገት ሆኖ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። እንግዳ ሁሉ አፈሙዟን እያሻሸ ካደነቀልህ፣ እንግዳው ሲሄድ አብሳት።

መወልወያ የሚበላት

አሁን ወደ ሁለተኛው በሽታ። በአፈሙዙ ውስጥ ጥይቱን እያሽከረከሩ የሚያወጡት ጠመዝማዛ ቦዮች አሉ። እነሱ የሚያልቁበት የመጨረሻው ክብ ከንፈር የጠመንጃዋ ዋና ነገር ነው። ጥይቱ በመጨረሻ የሚለቀው እሱ ነው፤ ከንፈሩ በአንድ ወገን ከተበላ ጋዙ ወደዚያ ያደላና ጥይቱን ያንጋድደዋል። «ድሮ ዓይን የምታወጣ ነበረች፣ አሁን ምን እንደነካት!» የሚባልላት ጠመንጃ ሁሉ ከንፈሯን አይቼ ምክንያቱን አገኘዋለሁ።

የሚበላው ማነው? የብረት ዘንግ ነው፤ በጫፏ በኩል እያስገቡ፣ ጎኑ ከንፈሩን እየፋቀ፣ በየቀኑ ሲመላለስ። ከዘንጉ የባሰው ደግሞ አቧራና አሸዋ የያዘ ዘንግ ነው፤ መሬት ላይ ወድቆ ሳይጠረግ የገባ። ከሁሉ የከፋው የቤት ሠሪ ሽቦ ነው። ጫፉን አጥፎ ጨርቅ አስሮ የሚጎትት ሰው ካየሁ እጁን ልይዘው ይቃጣኛል።

መፍትሔው ቀላል ነው። መዝጊያቸው ወደ ኋላ የሚወጣ ጠመንጃዎች፣ ምንሽርና በልጅግ፣ ከኋላ ከጉሮሮው በኩል ነው የሚወለወሉት። ዘንጉ ወደ ፊት ሄዶ በጫፉ ይወጣል፤ ያመጣውን ቆሻሻም ውጭ ይጥለዋል። ክላሽ ግን ከኋላዋ ስለተዘጋች ግድ ከጫፍ ነው። ሶቪየቶቹ ይህን አስበውበታል፦ ሰደፏ ውስጥ ያለችውን ቆርቆሮ ዕቃ ስትከፍት ክዳኗ መሐሉ ቀዳዳ ነው፤ እሱ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ተደፍቶ ዘንጉ በቀዳዳው እየተመራ መሐል ለመሐል እንዲሄድ ነው። ቆርቆሮዋ ራሷም ለዘንጉ እጀታ ትሆናለች። ብዙው ሰው ክዳኑን ጥሎታል፣ ቆርቆሮው ውስጥም መርፌና ክር አስቀምጧል። የጠፋበት ከሳንቃ ላይ ቀዳዳ አበጅቶም ቢሆን ዘንጉን ይምራ።

ገመድም ይሠራል። የእንግሊዝ ጠመንጃ ሰደፏ ውስጥ ክብደት ያለው ገመድና የዘይት ዕቃ ነበራት፤ ክብደቱን ከጉሮሮ ጥለህ በጫፍ ትስባለህ። ቀጥ አድርገህ ከሳብኸው ከዘንግ ይሻላል። ወደ ጎን ከሳብኸው ግን ገመዱም ራሱ ከንፈሩን ይቆርጠዋል፤ ገመዱን ሁልጊዜ አጥበው።

ምን ያህል ይጽዳ ለሚለው፦ ጨርቁ እንደ ጋቢ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አትፈትግ። እኔ ግራጫ ሆኖ ሲወጣ አቆማለሁ። በጥቂቱ የቀረ ጥላሸት አፈሙዝ አይጎዳም፤ እሱን ለማውጣት የምታመላልሰው ብረት ይጎዳል። መዳብ ቀለም በቦዮቹ ላይ ካየህም ተወው፤ ዒላማ መሳት ካልጀመረች አያሳስብህም። በአሸዋ ወረቀት፣ በአመድ፣ በጡብ ዱቄት ውስጧን ማሻሸት ግን ፈጽሞ አይሆንም። ጉድጓድ የሠራ ዝገት በማሻሸት አይሞላም።

ዘይቱና ማስቀመጫው

የመሣሪያ ዘይት ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት መልካም ነው፤ ያልተነካ አዲስ የሞተር ዘይትም ይሆናል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ግን አሲድና የብረት ብናኝ አለው፤ አታስጠጋው። ላምባ ያጸዳል እንጂ አይጠብቅም፤ ተንኖ ብረቱን ራቁቱን ይተወዋል።

አገራችን የኑግ አገር ናትና «የኑግ ዘይት ቀባኋት» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ኑግ ለወጥ እንጂ ለጠመንጃ አይደለም። አየር ሲያገኘው እየደረቀ ሙጫ ይሆናል፤ ከከረመ በኋላ መዝጊያዋን ስትስብ ተጣብቃ እንቢ ትልሃለች፣ መርፌዋም ትዘገያለች። ቅቤም እንደዚያው፤ ውሃ አለበት፣ ሲሻግትም አሲድ ያፈራል።

ግድግዳው ላይ ስትሰቅላት ከጭቃው ጋር አታስነካት፤ ጭቃ በክረምት ውሃ ያዘለ ነው። ቀንዱ ወይም ምስማሩ ራቅ ያድርጋት። የቆዳ ልብስ ውስጥ አስገብተህ አታክርማት፤ ቆዳ እርጥበትም ጨውም ይይዛል። ልብሱ ለመንገድ ነው። የአፈሙዙን ጫፍ በጥጥ ወይም በጨርቅ መድፈንም ተው። አቧራ ይከለክላል ይላሉ፤ እርጥበቱንም ውስጥ ይዘጋዋል፤ ረስቶ የተኮሰ ሰው ደግሞ አፈሙዙ ሊፈነዳበት ይችላል። ለረጅም ጊዜ የምትቀመጥ ከሆነ ጫፏን ወደ ታች አድርገህ አቁማት፤ ዘይቱ ወደ ሰደፉ እንጨት ከመውረድ በጫፏ ይንጠባጠባል።

ከመተኮስህ በፊት ዘይቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፤ በተለይ ጉሮሮውን። ጉሮሮው ውስጥ ዘይት ካለ ቀለሁ ግድግዳውን መንከስ አይችልም፤ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ኋላ መዝጊያው ላይ ያርፋል። አፈሙዙ ውስጥ የቀረ ዘይትም የመጀመሪያዋን ጥይት ከዒላማው ያስወጣታል።

ስትወለውል ጨርቅ ውስጥ ቢቀርብህ በጥይት ተኩሶ ማስወጣት የሚባል ነገር የለም። ከላይ ዘይት አንጠባጥበህ አሳድር፣ ጠዋት ዘንጉን ከወዲያኛው ወገን አስገብተህ በቀስታ ግፋው። ካልወጣ ለባለሙያ አሳይ። ጨርቁን ከመጀመሪያው ትንሽ አድርገህ ብትቆርጠው ደግሞ ይህ ሁሉ አይመጣም፤ በአንድ እጅ ግፊት እየታገለ የሚሄድ ከሆነ ልክ ነው፣ መዶሻ የሚፈልግ ከሆነ ትልቅ ነው።

ከአያት የወረስሃት ውጅግራ ወይም አፈሙዟ ውስጥ ጉድጓድ የበዛባት ምንሽር ካለችህ ዝገቱን በላምባ አለስልሰህ፣ በነሐስ ብሩሽ ልቃቂውን ብቻ አውጥተህ፣ ዘይት ቀብተህ ለታሪክ አስቀምጣት። ማን ምን እንደሚነግርህ አላውቅም፤ እኔ ግን እንዲህ ያለችዋን አጽድቼ ስመልስ ለባለቤቷ «አትተኩስባት» ብዬ ነው የምሰጠው። ክረምት በገባ ቁጥር ግን እንደ ሌሎቹ በሳምንት አንዴ ትታያለች።